ባለ 37 ቅስቱ ድልድይና የሞጣው በር

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ሞጣ የምኖር ግንበኛ ነኝ። እንግሊዝ ያለችው እህቴ የባቡር ድልድይ ፎቶ ላከችልኝ። ባልኮምብ አጠገብ ነው አለች። ዙሪያው ቅስት፣ ሁሉም ጡብ፣ እግሮቹ ቀጫጭን፤ ያውም መሃላቸው ክፍት። እኔ ለአንድ ደንበኛ የግቢ በር ላይ አንዲት ቅስት ሠርቼ፣ መደገፊያው በተነሣ በወሩ አናቷ ተሰነጠቀ። እነሱ ምን ቢያውቁ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያየኸው የኡዝ ሸለቆ ድልድይ ነው። ከለንደን ብራይተን በሚወስደው ሐዲድ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1841 ሥራ የጀመረ። 450 ሜትር ይረዝማል፣ ከፍታው 29 ሜትር፣ ቅስቱ 37። የፈጀው ጡብ 11 ሚሊዮን ያህል ነው። በቀን 1000 የሚደረድር ጎበዝ ብቻውን ቢይዘው 30 ዓመት ይወስድበታል፤ እሁድ ሳይል፣ በዓል ሳይል። በጎጃም በዓላት ስንት እንደሚሆን አንተው አስላው!

ወደ በርህ ልምጣ። ቅስት ወደ ታች ብቻ አይጫንም፣ እግሮቹን ወደ ጎንም ይገፋል። ጡብ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት አይችልም። ምሰሶዎችህ ጥቂት ወደ ውጭ ሲሸሹ አናቷ ተከፈተ። ቱንቢ ጣልና እይ።

ኡዝ ላይ አንዱ ቅስት ወደ ቀኝ ሲገፋ ጎረቤቱ ወደ ግራ ይመልስለታል። ጥምቀት ላይ ሰው መሃል እንደ መቆም ነው፤ ልውደቅ ብትልም አትወድቅም። ስለዚህ እግሩ ቢቀጥንም ግድ የለም። መሐንዲሱ ጆን ራስትሪክ ጡብም ክብደትም ለመቆጠብ እግሮቹን መሃል ለመሃል ከፈታቸው። የክፍተቱ አናት ቅስት ነው፣ ግርጌው ደግሞ የተገለበጠ ቅስት። እኔ የምወድለት ይችን ግርጌ ነው፤ ሸክሙን መሠረቱ ላይ ታሰራጫለች።

ጎረቤት ላይ መደገፍ ግን ጣጣ አለው። አንዱ ከሄደ ቀጣዩ ይሰጋል። የእናንተን ሰባራ ድልድይ አስብ፣ አባይ ላይ ያለውን የአጼ ፋሲልን። በጣሊያን ጊዜ አንድ ቅስቱ ሲሰበር የቀረው አልተከተለም። ሰውም ለዓመታት በገመድ እየተሳሳበ ተሻገረበት። ወፍራም የድንጋይ እግር ብቻውንም ይቆማል።

የአንተዋ ቅስት ጎረቤት የላትም። አፍርሳት። ስትመልሳት ምሰሶዎቹን ወደ ጎን አስፋ፣ ወይም አጥሩን እስከ ቅስቷ ትከሻ ከፍ አድርገህ አያይዘው። ቅስቷ ከምትነሣበት ከፍታ ላይ ከእግር እግር ብረት መወጠርም ይሠራል፤ ደንበኛህ "አያምርም" ካላለ። መሬቱ መረሬ ከሆነ መሠረቱንም ቆፍረህ እይ፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የማፍረሻውን ሂሳብ ከደንበኛህ ጋር ተነጋገሩ፤ እዚያ እኔ አልገባም።