ነቃ ወይስ ተነቃቃ?

ጥያቄ፦ የማስተርስ ጥናቴ የሽግግር ብረታት (እንደ ኦስሚየም ያሉ) ክላስተሮች፣ ማለትም እርስ በርስ የተሳሰሩ የብረት አተሞች ስብስቦች፣ ትንንሽ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎችን እንዴት «አክቲቬት» እንደሚያደርጉ፣ ማለትም ትስስራቸውን አላልተው ለለውጥ እንደሚያዘጋጁ ነው። የአማርኛውን አጭር መግለጫ ስጽፍ «ያነቃሉ» ልበል ወይስ «ያነቃቃሉ»? «ክላስተር»ስ አማርኛ የለውም?

መልስ፦ «ያነቃሉ» ይበሉ። «ማነቃቃት» የዜናና የስብሰባ ቃል ሆኗል። ኢኮኖሚ ይነቃቃል፣ ቱሪዝም ይነቃቃል። ለአንድ የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስር ግን ይበዛበታል።

ምክንያቴ ትንሽ ዞር ያደርገናል። ግእዝ ሁለት ግሶች አሉት። «ነቅሀ» ከእንቅልፍ ተነሣ ማለት ነው። «ነቅዐ» ግን ተሰነጠቀ ነው፤ የውኃ ምንጭ «ነቅዕ» የተባለውም ከዚሁ ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲውጣቸው ሁለቱም «ነቃ» ሆነው ቀሩ። ልጁ ነቃ። ጀበናው ነቃ።

አሁን ወደ ቤተ ሙከራዎ እንግባ። ሦስት የኦስሚየም አተሞች ሦስት ማዕዘን ሠርተው ተያይዘዋል፤ ዙሪያቸውን 12 ካርቦን ሞኖክሳይዶች ከበዋቸዋል። ከኤቲሊን ጋር ሲሞቁ (ሙዝ የሚያበስለው ጋዝ ነው) ሦስት ካርቦን ሞኖክሳይዶች ለቀው ይሄዳሉ። ኤቲሊኑ በክፍተቱ ይገባል። ከአንደኛው ካርቦኑ ሁለቱም ሃይድሮጅኖች ተላቀው ወደ ብረቶቹ ይሻገራሉ፤ የተረፈው አካል ሦስቱንም ኦስሚየሞች ጨብጦ ይቀመጣል። ይህ ከእንቅልፍ መነሣት ብቻ ነው? ጀበናም ከመሰበሩ በፊት ይነቃል። ትስስሩም መጀመሪያ ይላላል፣ ከዚያ ይለያያል። አንድ ቃል ሁለቱንም ትርጉም ይዞልን ሳለ ሌላ ፍለጋ ምን አስኬደን?

«ነቃ» ነፍስ ላለው ብቻ ነው የሚሉ አሉ። የቤታቸውን ግድግዳ ልብ ብለው አላዩትም። ብልህ ተከራካሪ ግን «ንቃቃት»ን ያነሣብኛል፤ እሱም ከ«ነቅዐ» ነው፣ ቅርፁም ድግም ነው («ቃ» ይደገማል)፤ እንግዲያው «ማነቃቃት» ምን አጠፋ ይለኛል። እውነቱን ነው፣ መልስ የለኝም። ጆሮዬ ግን አይቀበለውም።

ወደ «ክላስተር» ስንመጣ፣ ኬሚስቱ አልበርት ኮተን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ስሙን ሲያስለምደው እርስ በርሳቸው በቀጥታ ለተሳሰሩ የብረት አተሞች ነው። ለዓመታት «ዘለላ» ስል ኖሬአለሁ። ተሳስቼ ነበር፤ የወይን ዘለላ ፍሬዎች ግንዳቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን አይዝም። የግብርና ሰዎች በለጡኝ። ክላስተር እርሻን «ኩታ ገጠም» አሉት፣ ድንበር ለድንበር የተያያዘ ማሳ። «ኩታ ገጠም ብረታት» እንዴት ያምራል!

ግን ምን ይደረግ፣ ገበሬውም ራሱ «በክላስተር ዘራን» ማለት ጀምሯል። ስለዚህ «ክላስተር» ብለው ይጻፉ። መጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ «ኩታ ገጠም»ን ቢያስገቡልኝ ግን አልጠላም።