ቅዳሜ እንጦጦ በጥቁርና ነጭ፦ ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም እንወጣለን። ለአንድ ሰው አንድ ባለ 36 ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ፍጥነቱ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 400። ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁኝ። በቅድሚያ ግን፦ ፊልም ስትጭኑ ጥላ ውስጥ ግቡ። ካሜራውን ዘግታችሁ ፊልሙን ስታሳልፉ በግራ በኩል ያለው መጠቅለያ (ፊልሙን መልሶ የሚጠቀልለው እጀታ) አብሮ መዞሩን እዩ፤ ካልዞረ ፊልሙ እየሄደ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የትኛው ካሜራ ይሻላል?

መልስ፦ ያለሽ።

ጥያቄ፦ የኔ ዜኒት ኢ ካሜራ ላይት ሜትሯ (ብርሃን መለኪያዋ) ሞቷል። ልተዋት?

መልስ፦ ምን በወጣት! ዜኒት ኢ ያለ ባትሪ ትሠራለች። ፀሐይ ጥርት ካለ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) 16፣ ሹተሩን 500 (የሰከንድ 1/500ኛ) አድርግ። ስስ ደመና ከሆነ አፐርቸሩን 11። ጥላ ውስጥ 4። መጠቅለያውን ደግሞ እይ።

ጥያቄ፦ ነጠላ የለበሱ እናቶችን ሳነሳ ፊታቸው ይጠቁርብኛል።

መልስ፦ ይቺን ስጠብቅ ነበር። ላይት ሜትር ሞኝ ነው፤ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ማድረግ ይፈልጋል። ነጠላ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንስብሃል። ነጠላው አመድ፣ ፊቱ ከሰል ይሆናል። ስለዚህ ቀረብ ብለህ ፊቱን ለካ። ካፈርክ የራስህን እጅ ጀርባ በዚያው ብርሃን ለካ። ትንሽ ቢበዛ አትፍራ፤ ኔጋቲቭ የበዛ ብርሃን ይችላል፣ ያነሰውን ግን አይምርም።

ድሮ በጥምቀት አንዲት እናት አንስቼ ነበር። የነጠላዋ ጥለት ክር በክር ይቆጠራል። ፊቷ ግን የለም፤ ሁለት የዓይን ብልጭታ ብቻ። ልጇ ፎቶውን ሊወስድ መጥቶ አገላብጦ አየውና «እማዬ የታለች?» አለኝ።

ጥያቄ፦ ፊልተር ላምጣ?

መልስ፦ ቢጫ። ደመናውን ያወጣዋል፣ አንድ ስቶፕ ይበላል፣ ማለትም ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል። ቀይ ሦስት ስቶፕ ይበላል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሰማዩ ራሱ ጠቆር ይላል። በቀይ ቀትሩን ሌሊት ታስመስለዋለህ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዛፉስ?

ሌላ አባል፦ እሱ ተነቅሎ ጽድ ይተከል! ውሃውን መጥጦ ጨረሰው።

ሦስተኛ አባል፦ እሱ ባይኖር አዲስ አበባ የት ትገኝ ነበር? ማገዶ አልቆ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አልነበር?

ሌላ አባል፦ ታዲያ ምንጮቹስ?

መልስ፦ ክርክሩን ለሻይ አቆዩት። ልጡ የተላጠ ግንድ ፈልጉ፣ የጠዋት ፀሐይ ከጎን ሲመታው። በቃ።

ጥያቄ፦ እንጨት ተሸካሚዎቹን ማንሳት ይቻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ ሰላም በል፣ ጠይቅ። ያን ሁሉ ሸክም ተሸክማ «ቁሚልኝ» አትበላት።

ጥያቄ፦ ጥሩ ፎቶ እንዴት ይነሳል?

መልስ፦ ይኼ ጥያቄ ነው ወንድሜ? ምኑን፣ የት፣ በስንት ሰዓት ብለህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛው ካሜራ…

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ፊልሙን ቤት ውስጥ ማጠብ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ፊልሙ ኢልፎርድ ኤች ፒ 5 ከሆነ፣ ዲ 76 (የፊልም ማጠቢያ ኬሚካል) ሳይበረዝ፣ 20 ዲግሪ፣ 7 ደቂቃ ተኩል። ውሃውን በቴርሞሜትር ለኩ፣ በጣት አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኔ ካሜራ 36 አልፋ 41 ቆጠረች፣ አሁንም ታነሳለች። ጎበዝ ናት አይደል?

መልስ፦ ልጄ፣ መጠቅለያው ይዞር ነበር?

ጥያቄ፦ የቱ መጠቅለያ?