«ስልኩን ስንነጥቀው መሬት ላይ ይንከባለላል»

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሲሆን የምሠራው ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ማለዳ ወጥቼ ሲመሽ ስለምመለስ የ3 ዓመት ወንድ ልጄን የሚጠብቁልኝ አማቴ ናቸው። ምሳ ሲያበሉትም ሆነ ሲሰግዱ ስልክ ይሰጡታል፤ ስንነጥቀው መሬት ላይ ይንከባለላል። የእንግሊዝኛ የልጆች መዝሙር ይዘፍናል፤ ውሃ ሲጠማው ግን እጄን ይዞ ወደ ጀሪካኑ ይጎትተኛል እንጂ አፍ አውጥቶ አይጠይቅም። ባለቤቴ «ብልጥ ስለሆነ ነው» ይላል። አማቴን ብናገራቸው «እንግዲያው ሌላ ጠባቂ ፈልጊ» ብለው አኩርፈዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎ የልጁን ጉዳይና በእርስዎና በአማትዎ መካከል የተፈጠረውን ቅሬታ አንድ ላይ ይዟል። ሁለተኛው ካልተፈታ የመጀመሪያው ስለማይነካ ከእርሱ ልጀምር።

በእኔ ግምት አማትዎ ስልኩን የሚሰጡት ልጁን ለማሞላቀቅ አይደለም። በዕድሜ የገፉ ሴት እሳት ላይ ድስት ጥደው፣ ሶላታቸውን ጠብቀው፣ ሮጦ የማይደክመውን የ3 ዓመት ልጅ ብቻቸውን ሲከተሉ መዋል ከባድ ስለሆነ፣ ስልኩ ረዳት ሆኖላቸዋል። «አይስጡት» ማለት ያንን ረዳት ያለ ምትክ መውሰድ ነው፤ ከወቀሳ ጋር ሲሆን ደግሞ ያስኮርፋል። ስለዚህ ንግግሩን ባለቤትዎ ይጀምር፤ እናቱ ናቸውና ከእርሱ ሲሰሙት ይቀላቸዋል። ምስጋናው ይቅደም፤ ቀጥሎም ከቀኑ ውስጥ በጣም የሚያስቸግራቸው የትኛው ሰዓት እንደሆነ ይጠይቃቸው። ለዚያች ሰዓት ብቻ የምትመጣ የጎረቤት ልጅ ማግኘት ከተቻለ፣ ከብዙ ምክር ይልቅ ይጠቅማል።

ወደ ልጁ ስንመጣ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናት ቁጭ ብለው ስክሪን የሚያዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ቢቀንስ ደግሞ እንደሚሻል ይመክራል። ይኸው መመሪያ በዚህ ዕድሜ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል ይላል። እኔ ግን ሰዓት ይዘው እንዲቆጥሩ አልመክርዎትም፤ ስልኩ ከልጁ ቀን ውስጥ ምኑን እንደወሰደበት መመልከቱ ይበልጣል።

በመጀመሪያ የወሰደው ንግግሩን ይመስለኛል። ልጅ ቋንቋ የሚማረው ሲናገር የሚመልስለት፣ ሲጠቁም ዞሮ የሚያይለት ሰው ሲኖር ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት፣ ቻይንኛ ከሚናገር ሰው ጋር የተጫወቱ የ9 ወር አሜሪካዊ ሕፃናት የቋንቋውን ድምፆች መለየት ሲችሉ፣ ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ግን አልቻሉም። ባለቤትዎ እንዳይከፋው እንጂ፣ መዝሙር መሸምደድና ቋንቋ መናገር አንድ አይደሉም። ጀሪካኑ ዘንድ ሲጎትትዎ ቶሎ አይቅዱለት፤ ቁጭ ብለው ዓይኑን እያዩ «ውሃ? ውሃ ልስጥህ?» ይበሉትና ጥቂት ይጠብቁ፤ «ው» ብቻ ቢል እንኳ ይቅዱለት።

በገበታ ላይም እንዲሁ ነው። ዓይኑ ስልኩ ላይ ተተክሎ አፉን የሚከፍት ልጅ ምን እንደጎረሰም መጥገቡንም ልብ አይልም። ለውጡን ከምሳ ይጀምሩ፤ ከአያቱ ጋር ከአንድ ትሪ ይቅረብ፣ እንጀራውን ራሱ ይቁረስ፣ ልብሱን ወጥ ቢያስነካውም ይታለፍ። ለጥቂት ቀናት ትንሽ ቢበላ አይደንግጡ፤ ጤነኛ ልጅ ሲርበው ይበላል። ቡና በሚፈላበት ጊዜም ቄጠማ መጎዝጎዝና ፈንድሻ ማዞር የእርሱ ሥራ ይሁን። ከመኝታ በፊት ባለው 1 ሰዓት ግን ስልክ ፈጽሞ አይኑር፤ ብርሃኑም የሚያየውም ነገር እንቅልፉን ያርቁበታል። ይህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከሥራ ደክመው ሲገቡ የሚከፍቱትን የራስዎን ስልክም ይጨምራል።

መንከባለሉን በተመለከተ፣ የሚያየው ፊልም አልቆ ሌላው በራሱ የሚቀጥል ከሆነ ልጁ ማብቂያውን አያውቀውም። ስለዚህ በራሱ እንዳይቀጥል አድርገው አጭር ነገር ይክፈቱለት፤ «ይህ ሲያልቅ ስልኩን ለአያትህ ትሰጣለህ» ብለው አስቀድመው ይንገሩት። ቢያለቅስ አይቆጡት፣ አጠገቡም ይሁኑ፤ ነገር ግን አይመልሱለት። ከግማሽ ሰዓት ልቅሶ በኋላ አንድ ቀን ከተሰጠው፣ የተማረው ግማሽ ሰዓት ማልቀስ እንደሚያዋጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልቅሶው ይብሳል፤ አማትዎም ይህን አስቀድመው ካላወቁ አንጀታቸው አይችልም።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን፣ የ3 ዓመት ልጅ ሁለት ሦስት ቃላት አገጣጥሞ መናገር ስለሚጠበቅበት፣ ስልኩ ሲቀንስ ይናገራል ብለው አይጠብቁ። የመስማት ችግርም ሆነ ሌላ የዕድገት መዘግየት ሊኖር ስለሚችል፣ በተለይ ስሙ ሲጠራ የማይዞርና የወደደውን ነገር በጣቱ ጠቁሞ የማያሳይ ከሆነ፣ በዚህ ወር ውስጥ በደሴ ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ይየውና ጆሮው ይመርመር። ሲሄዱ አማትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ልጁ ቀን ላይ ምን እንደሚልና ምን ሲሰማ ዞሮ እንደሚያይ ለሐኪሙ ሊናገሩ የሚችሉት እርሳቸው ናቸው።