«ነኝ ባይ» ነኝ እንዴ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኢስታንቡል ነው፣ ሰው ቤት እሠራለሁ። በስልኬ ቱርክኛና እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው። ሰሞኑን «ፕሮፌስድ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ገጠመኝ። መዝገበ ቃላቱ መጀመሪያ «እምነቱን በግልጽ የተናገረ» ይላል፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ በቱርክኛ «ሶዝዴ»፣ የይስሙላ፣ ይለዋል። ደነገጥኩ። ማተቤን የማስረው ከልብሴ ሥር ነው። ረቡዕና ዓርብ አሠሪዬ ብዪ ስትለኝ «ሆዴን አሞኛል» እላለሁ። እና እኔ የትኛዋ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ መዝገበ ቃላት ገልጦ ስለ ነፍሱ የሚደነግጥ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

መዝገበ ቃላቱ አልተሳሳተም። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ በሰው ፊት ማወጅ ማለት ነው። ፕሮፌሰር የሚለውም ከዚሁ ሥር ነው፣ «ይህን አውቃለሁ» ብሎ በአደባባይ የቆመ። ግን «ነኝ» ያለ ሁሉ ያለውን አይሆንማ! ስለዚህ እንግሊዞች ያንኑ ቃል እኛ «ነኝ ባይ» ለምንለውም ያውሉታል። ቱርኮቹ ደግሞ «ሶዝ» የሚሉት ቃልን ነው፣ «ሶዝዴ» ሲሉ በቃል ብቻ የቀረ እንደማለት ነው።

የኛ አማርኛ በዚህ ነገር የሚገርም ነው። ፍርድ ቤት ሄደሽ ታውቂ እንደሆነ፣ ዳኛው ተከሳሹን «የእምነት ክህደት ቃልህን ስጥ» ይለዋል። ሰውየው «አዎ፣ አድርጌያለሁ» ካለ «አመነ» ይባላል። እግዚአብሔርንም አመነ፣ ጥፋቱንም አመነ። በልብ መቀበልና በሰው ፊት አዎ ማለት አንድ ግስ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሁለቱም ተቃራኒ ክህደት ነው። ሐዋርያው «ሰው በልቡ አምኖ ይጸድቃልና በአፉም መስክሮ ይድናልና» ያለውን (ሮሜ 10፥10) ከዚህ ጋር አስቢው።

«ሶዝዴ» የሚባለውን ሰው ካየሽ ቲቶ 1፥16 ላይ አለልሽ። እግዚአብሔርን እናውቃለን ብለው በግልጽ ይናገራሉ፣ በሥራቸው ግን ይክዱታል። በነገራችን ላይ የጥንቱ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ጥቅስ ላይ የሚጠቀመው ያንቺኑ ቃል ነው። አንቺ ግን የነዚህ ተገላቢጦሽ ነሽ። ሥራሽ ይጾማል፣ የሚሸሸው አፍሽ ነው።

ስለ ማተቡ አትጨነቂ። ማተብ የጥምቀት ምልክት እንጂ ማስታወቂያ አይደለም፣ ከልብስ ሥርም ሆኖ ማተብ ነው። እኔን የከበደኝ «ሆዴን አሞኛል» የምትዪው ነው። ሀገር ቤት «ባለ ማተብ» የምንለው እኮ ቃሉ የሚታመነውን ሰው ነው።

ደግሞ የት እንደምትኖሪ ልብ በይ። ዘወትር የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት፣ «ነአምን በአሐዱ አምላክ» ብሎ የሚጀምረው፣ መሠረቱ የተጣለው ኒቅያ ነው። 318ቱ ሊቃውንት በ325 ዓ.ም. የተሰበሰቡባት ኒቅያ ዛሬ ኢዝኒክ የምትባለው የቱርክ ከተማ ናት። በ381 ዓ.ም. ደግሞ 150ው አባቶች ስለ መንፈስ ቅዱስ ያለውን ክፍል ያጸኑት በቁስጥንጥንያ ነው፣ ማለትም አንቺ ሰው ቤት በምትሠሪባት በዚያችው ከተማ።

ሌላም አለ። የጴጥሮስ የመጀመሪያ መልእክት የተላከው በጳንጦስ፣ በገላትያ፣ በቀጰዶቅያ፣ በእስያና በቢታንያ ለነበሩ መጻተኞች ነው። ሁሉም በዛሬዋ ቱርክ ውስጥ ያሉ ቦታዎች ናቸው (እዚህ እስያ የተባለው አህጉሩ ሳይሆን ያኔ በዚያ የነበረ የሮም ግዛት ነው)፣ ሰዎቹም እንዳንቺ እንግዶች። ምን አላቸው? ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቋችሁ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ፣ ግን በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን (3፥15)። ውጡና ጩኹ አላለም፤ ሲጠይቋችሁ ነው ያለው። ይህን የጻፈው ደግሞ ማን መሰለሽ? አንዲት ገረድ ጠይቃው «አላውቀውም» ያለው ያው ጴጥሮስ። አፍ እንዴት እንደሚከዳ ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ጌታ ደግሞ በባሕሩ ዳር ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህ?» ብሎ ጠይቆ መለሰው እንጂ አልጣለውም።

አሁን ወደ ማድ ቤትሽ እንመለስ። እኔ እዚህ ተቀምጬ «ጀግኒ» ብልሽ ለኔ ይቀለኛል፣ እንጀራሽ ግን በሴትዮዋ እጅ ነው። አስጊ ከሆነ «ዛሬ አልበላም፣ አመሰግናለሁ» በቂ ነው። ዝም ማለት መካድ አይደለም፣ መዋሸት ግን ሌላ ነው። አሠሪሽ ደህና ሰው ከሆነች ግን ምን ያስፈራል? ቱርኮች ጾምን «ኦሩች» ይሉታል፣ ረመዳን ሲመጣ አገሩ ሁሉ የሚለው ቃል ነው። «ዛሬ ኦሩች ነኝ» ብትያት ግራ አይገባትም። የማን ጾም እንደሆነ ከጠየቀችሽ ያኔ ትነግሪያታለሽ፣ በቀስታ። እስካሁን ስላልሽው ሆድ ሕመም ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።