የእህትህ እጅ እና የመመረቂያ ፕሮጀክትህ

ከኮምቦልቻ የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እህቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ሌሊት ሌሊት ቀኝ እጇ እየደነዘዘ ይቀሰቅሳታል። እናታችን ብርድ ነው ትላለች፤ ወጌሻው ጅማት ነው አላት። የጡንቻን ኤሌክትሪክ ለክቶ በሽታ የሚለይ መሣሪያ እንዳለ አነበብኩና ለመመረቂያዬ ልሠራው አሰብኩ። በዚህ ሙያ እንጀራ ይበላል? ወይስ ጊዜዬን ነው የማጠፋው?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ እህትህ። ፕሮጀክትህ እስኪያልቅ አትጠብቁ። የሚደነዝዛት አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷና መሃል ጣቷ ከሆነ በእጅ አንጓዋ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ካርፓል ተነል ይሉታል። ትንሿ ጣቷ ከሆነች ደግሞ የሌላ ነርቭ ጉዳይ ነው። ዛሬ ማታ ጠይቃት፣ ጻፈው፣ ይዛችሁት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ነገሩ ቆይቶ በአውራ ጣቷ ሥር ያለው ሥጋ መሟሸሽ ከጀመረ መመለሱ ከባድ ነው።

አሁን ወደ አንተ። ከሁለት ዓመት በፊት እናቴን ይዤ ለዚሁ ለጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራ ከደሴ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ጀበና ማንሳት አቅቷት ነበር። ዶክተሯ ቀጭን መርፌ እጇ ጡንቻ ውስጥ አስገቡና የማሽኑን ድምፅ ከፈቱ። «እናቴ፣ እጅዎን ዘና ያድርጉ» አሏት። ዘና ያለ ጤነኛ ጡንቻ ጸጥ ይላል። የእሷ ግን ጸጥ አላለም። ደሴ ላይ ክረምቱ ሲገባ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጀምረው ካፊያ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይል ነበር። ከነርቩ ጋር ግንኙነቱ የተቋረጠ የጡንቻ ክር በራሱ ጊዜ ሲርገበገብ እንዲህ ይሰማል አሉኝ። ነርቩ ከተጎዳ በኋላም ይህ እስኪታይ ሁለት ሦስት ሳምንት ይወስዳል።

ዶክተሯ እዚያ ላይ አላቆሙም። ክንዷን ወጉ። ትከሻዋን ወጉ። በመጨረሻ ከአንገቷ ኋላ ያለውን ጡንቻ ወጉ። ችግሩ የተገኘው አንገቷ ላይ፣ ነርቩ ከአከርካሪው በሚወጣበት ቦታ ነበር። እጇ ምንም አልሆነም።

ይህን የነገርኩህ ለምን መሰለህ? ማሽኑ ድምፁን አሰማን እንጂ በሽታውን ያወቁት ዶክተሯ ናቸው። ቀጥሎ የት መውጋት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። ደግሞ ብዙው የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም በዚህ ምርመራ አይታይም። ጅማት ቢቆጣ፣ አጥንት ቢፋተግ ውጤቱ ንጹሕ ሊወጣ ይችላል። ንጹሕ ወጣ ማለት ግን ሰውየው አላመመውም ማለት አይደለም። የእህትህን ዓይነት ችግር ለመለየትም ዋናው ምርመራ ሌላ ነው፤ ነርቩ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጥና ምልክቱ በስንት ሺሕኛ ሰከንድ እንደሚደርስ ይለካል። ቆዳ ላይ በምትለጥፈው ኤሌክትሮድ (የጡንቻውን ምልክት በሚቀበለው ተለጣፊ) ብቻ ይህን አትደርስበትም።

ስለዚህ ከርዕስህ ላይ «በሽታ የሚለይ» የሚለውን ቃል አውጣው። «ድካም የሚለካ» በለው። ይህን በደንብ መሥራት ትችላለህ። ጡንቻ እየደከመ ሲሄድ የምልክቱ ድግግሞሽ (በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት፣ በኸርዝ የሚለካው) ወደ ታች ይወርዳል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተህ፣ ክንድህን አጥፈህ ያዝና በራስህ ላይ እየው። ቆዳህን በአልኮል ጥረግ። ለልብ ምርመራ ከሚለጠፉት ኤሌክትሮዶች ሁለቱን በጡንቻው ርዝመት፣ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አራርቀህ ለጥፍ። ሦስተኛውን ክርንህ ላይ አጥንቱ ጋ አድርገው።

የሚያስቸግርህን ልንገርህ። ከቆዳ ላይ የሚገኘው ምልክት ቢበዛ ጥቂት ሚሊቮልት ነው። ጠቃሚው ክፍል ከ20 እስከ 500 ኸርዝ ባለው ውስጥ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ጫጫታው ልክ መሃሉ ላይ ይቀመጥብሃል። ጥሩ አምፕሊፋየር (ምልክቱን የሚያጎላ) ያስፈልግሃል፣ በሰከንድ ከ1000 ጊዜ በላይም መቅዳት አለብህ። አንድ ነገር ግን ብትለምነኝም አልተውልህም፦ ሰው ላይ የተለጠፈ ነገር በባትሪ ብቻ ይሥራ። ላፕቶፑም ቻርጀር ላይ አይሰካ።

ኮምቦልቻ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። ማሽን ላይ ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው የሚውሉ ሴቶች ከአንገት ወደ ትከሻ በሚወርደው ጡንቻ ይሰቃያሉ። ወንበሩ ከፍ ሲልና ዝቅ ሲል ያ ጡንቻ ስንት እንደሚሠራ ለካ። ከፋብሪካው፣ ከሠራተኞቹና ከዩኒቨርሲቲህ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ በጽሑፍ ያዝ። የትኛው ሥራ እንደሚያደክም ከእህትህ የተሻለ የሚነግርህ የለም።

እንጀራውን በተመለከተ አልዋሽህም። «የጡንቻ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ደሴ ላይ አታይም። አብዛኞቹ የነርቭ ስፔሻሊስቶች ያሉት አዲስ አበባ ነው። ራስህ መርማሪ መሆን ካማረህ መንገዱ ሕክምና ተምሮ በነርቭ ስፔሻላይዝ ማድረግ ነው፣ ረጅም ነው። ሰው በእጅህ እያከምክ መዋል ከፈለግክ ፊዚዮቴራፒ አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። እሱም ከሀ ብሎ መጀመር ነው። እኔ ግን በጥያቄህ ውስጥ ያየሁት መሣሪያ የሚወድ ልጅ ነው። ኤሌክትሪካሉን ጨርስ። ከዚያ አዲስ አበባ ወይም ጅማ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ (የሕክምና መሣሪያ ምሕንድስና) ማስተርስ አለ። ሆስፒታሎች ውስጥ ጨርቅ ለብሰው የቆሙ ማሽኖች አይተሃል? የሚጠግናቸው ሰው እየተጠበቀ ነው። ሆስፒታል፣ የሕክምና ዕቃ አስመጪ፣ ዩኒቨርሲቲ፤ ሥራው ያለው እዚያ ነው። አንድ የሠራኸውንና የለካኸውን ነገር ይዘህ ስትቀርብ ደግሞ ወረቀት ብቻ ይዞ ከሚመጣው ትለያለህ።

ክረምት ላይ አንድ ሆስፒታል የባዮሜዲካል ክፍል ገብተህ በነጻም ቢሆን አንድ ወር አገልግል። ደሴ ሩቅ አይደለችም፣ በሚኒባስ ተመላልሰህ ትችለዋለህ።

እስከዚያው የእህትህ የትኞቹ ጣቶች እንደሆኑ ጻፍልኝ።