መልስ፦ ችፌ ላለበት ልጅ ኦቾሎኒ ማቆየት ይሻላል?

እህቴ፣ የስድስት ወር ልጅሽ ጉንጩና ክርኑ ላይ ችፌ ስላለበት «ሦስት ዓመት እስኪሞላው ኦቾሎኒ እንዳታስቀምሺው» መባልሽን ጽፈሻል። ይህ ቀድሞ የሐኪሞችም ምክር ነበር፤ አሁን ግን ተገልብጧል።

የለንደን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱን ያሳወቁት ጥናት ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን 640 ሕፃናት የተከታተለ ነው። አምስት ዓመት ሲሞላቸው ኦቾሎኒ ከተከለከሉት 17 በመቶ ያህሉ አለርጂ ሲይዛቸው፣ አዘውትረው ከበሉት ግን 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ተያዙ። እንደ ተመራማሪዎቹ ማብራሪያ፣ በተቆጣ ቆዳ የሚገባ የኦቾሎኒ ብናኝ ሰውነትን ለአለርጂ ያነሣሣል፤ በአፍ ቀድሞ የሚገባው ግን ያለማምዳል። እኛ ሐረር ደግሞ የባቢሌ ኦቾሎኒ ተቆልቶ፣ ታሽቶ፣ ገለባው እፍ ሲባል ምንጣፉ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ልጁ የሚድህበት ምንጣፍ ላይ! ከአፉ ብቻ መከልከሉ አይጠብቀውም።

ነገር ግን ችፌው ከባድ ከሆነ በራስሽ አትጀምሪ፤ እባክሽ መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ሐኪሙ ከፈቀደ፣ የተቆላውን አልመሽ ፈጭተሽ በቀጭን አጥሚት በጥብጪና በማንኪያ ጫፍ አስቀምሺው። ሙሉ ፍሬ ግን ስለሚያንቅ አምስት ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም። የመጀመሪያው ቀን ልጁ ጤነኛ የሆነበት ይሁን፤ ሁለት ሰዓት ያህል ከዓይንሽ አታርቂው። ከንፈሩ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወዲያውኑ ሆስፒታል ውሰጂው። እዚያ የሚያስፈልገው ጭኑ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን የተባለ የከባድ አለርጂ መድኃኒት ነው፤ የማሳከክ ማስታገሻ ሽሮፕ አይተካውም።