ነዳጁን ቢከለክሉንስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አቃቂ ነው። ኢትዮጵያ ከሩሲያ ጋር ስለ ኑክሌር ኃይል ማመንጫ መፈራረሟ ከተሰማ ወዲህ እቤት ሌላ ወሬ የለም። ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ ይመላለሳል። «ነዳጁን ከሰው እጅ ከጠበቅን እንደ ናፍጣ ሰልፍ ነው የሚሆንብን፤ ራሳችን እናዘጋጅ» ይላል። 11ኛ ክፍል የሚማረው ልጄ ደግሞ «ራሳችን ካዘጋጀን ቦምብ ሊሠሩ ነው ይሉናል» ብሎ ይሟገተዋል። ካዛክስታን ውስጥ ለሁሉም አገር የሚሆን የኑክሌር ነዳጅ መጠባበቂያ አለ ብሎም አነበበልን። እውነት ነው? እኛንስ ይጠቅመናል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአቃቂ

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም የያዙት እውነት አላቸው። በልጅዎ ልጀምር።

እኔም እዚያው አካባቢ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ሒሳብ ይህ ነው። ከመሬት ከወጣ ዩራኒየም 1000 አተም ብንወስድ፣ ለማብላያ (ነዳጁ ኃይል ለሚሰጥበት ሪአክተር) የሚፈለገው ዓይነት 7ቱ ብቻ ነው። 993ቱ ሌላ ነው። ማበልጸግ ማለት ያንን ሌላውን እየቀነሱ መሄድ ነው። የተለመደው የማመንጫ ነዳጅ እስከ 5 በመቶ ይበለጽጋል። እዚያ ለመድረስ ከ993ቱ 860ውን ማስወገድ ይበቃል፤ 7ቱ ከ133 ጋር ይቀራሉ። የቦምቡ 90 በመቶ ገደማ ነው። እዚያ ለመድረስ የሚቀረው እነዚያኑ 133 ማራገፍ ነው። በተግባር ሒሳቡ እንዲህ ቀላል ባይሆንም ነገሩ ይኸው ነው፦ ለመብራት ብሎ ያበለጸገ አገር የቦምቡን መንገድ አብዛኛውን ጨርሶታል። ዩራኒየሙን የሚያበለጽጉት፣ ሴንትሪፉጅ የሚባሉት ማሽኖችም ለሁለቱም ያው ናቸው። ልጅዎ «ይሉናል» ያለው ለዚህ ነው።

የወንድምዎ ስጋትም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሕንድ ታራፑር ላለው ማመንጫዋ ነዳጅ የምታገኘው ከአሜሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የኑክሌር ሙከራ ካደረገች በኋላ አቅርቦቱ መጓተት ጀመረ፤ ኋላም ቆመና በ1982 ፈረንሳይ ተካችው። ኢራንም በሻሁ ዘመን ዩሮዲፍ በሚባለው የአውሮፓ ማበልጸጊያ ድርሻ ገዝታ ነበር። ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ግን ዩራኒየሙን ሳታገኝ ቀረች። የራሷን ማበልጸጊያ ለምን እንደገነባች ስትጠየቅ እስከ ዛሬ ይህንን ታነሳለች።

መጠባበቂያው የታሰበው ይህን ምክንያት ከሥሩ ለመንቀል ነው፤ «ይከለክሉኛል ብዬ ነው ማሽን የገዛሁት» የሚል አገር እንዳይኖር። እ.ኤ.አ. በ2006 የኑክሌር ስጋትን ለመቀነስ የሚሠራ አንድ የአሜሪካ ድርጅት፣ ባለሀብቱ ዋረን ባፌት በሰጠው ገንዘብ፣ 50 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ። ሌሎች 100 ሚሊዮን እንዲያዋጡ ሁኔታ አስቀመጠ፤ አሜሪካ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ ኩዌት፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ኖርዌይ አዋጡ። እ.ኤ.አ. በ2019 መገባደጃ ዩራኒየሙ ገባ፦ ከፈረንሳዩ ኩባንያ ኦራኖ 32 ሲሊንደር፣ ከካዛክስታኑ ኩባንያ ካዝአቶምፕሮም 28። በድምሩ 90 ቶን ገደማ ሲሆን፣ አንድ 1000 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ማብላያን አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይሞላል። ንብረቱ ኑክሌር ለቦምብ እንዳይውል የሚቆጣጠረው የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እንጂ የካዛክስታን አይደለም።

ቦታው ኦስኬመን የምትባል ከተማ፣ ኡልባ የተባለ ፋብሪካ ግቢ ነው። በሶቪየት ዘመን ሴሚፓላቲንስክ በተባለው የካዛኮች ምድር ላይ 456 የኑክሌር ሙከራ ተካሂዷል። ሕዝቡ በጨረር ተጎድቷል። ካዛክስታን ነጻ ስትወጣ እጇ ላይ የቀረውን የኑክሌር ጦር መሣሪያ አስረከበች። እ.ኤ.አ. በ1994 ለቦምብ የሚሆን 600 ኪሎ ገደማ ዩራኒየም በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ የተወሰደው ከዚሁ ከኡልባ ነው። ያንን ሁሉ ያየ ሕዝብ ዛሬ ይህን አደራ መቀበሉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ እኛ። መጠባበቂያው በነጻ አይሰጥም፤ አገሩ በገበያ ዋጋ ይከፍላል። ከገበያ መግዛት ያልቻለ፣ በኤጀንሲው ቁጥጥር ሥር ያለና በቁጥጥሩ ችግር ያልተገኘበት መሆን አለበት። የማበልጸግ መብትህን ተው የሚል ቅድመ ሁኔታ ግን የለውም። ታዳጊ አገሮች ይህን አጥብቀው ይዘው ተከራክረውበታል፤ ደግ አደረጉ እላለሁ።

ጉድለትም አለው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ያለቀለት ነዳጅ አይደለም። ዩራኒየም ከፍሎሪን ጋር የተዋሐደበት ነገር ነው። ወደ ዱቄት ተለውጦ፣ እንደ ጣት ጫፍ ባሉ እንክብሎች ተጨምቆ፣ በረጃጅም ዘንግ ታሽጎ ነው ማብላያ የሚገባው። ይህን ለሩሲያ ማብላያ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ጥቂት ናቸው። ሌላው መንገዱ ነው። ይህን ወንድምዎ ከማንም በላይ ይረዱታል፦ ካዛክስታንም እንደኛ የውቅያኖስ ወደብ የላትም። ኤጀንሲው ዕቃው እንዲያልፍለት ከሩሲያም ከቻይናም ጋር መዋዋል ግድ ሆኖበታል። ሩሲያ ራሷም አንጋርስክ በምትባል ከተማዋ 120 ቶን እንዲሁ ያለ ዩራኒየም ለይታ አስቀምጣለች፤ እሱም በኤጀንሲው በኩል የሚጠየቅ ነው። ግን ከሩሲያ ጋር ለሚጣላ አገር ያ ምን ዋስትና ይሆነዋል?

የናፍጣው ሰልፍ ግን አያስጋቸው። አንድ ማብላያ ነዳጅ የሚቀየርለት በዓመት ወይም በዓመት ተኩል አንዴ ነው፤ ያውም ከፊሉ ብቻ። ለሁለት ሦስት ቅያሪ የሚሆን ነዳጅ አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ስለዚህ ለአንድ ሁለት ማመንጫ ብሎ ማበልጸጊያ መገንባት ለእኛ ገንዘብ ማባከን ነው፤ የጎረቤትን ጥርጣሬም ይጠራል። ኢትዮጵያ አፍሪካን ከኑክሌር መሣሪያ ነጻ የሚያደርገውን የፔሊንዳባ ስምምነት ያጸደቀች አገር ናት። ከአንድ በላይ አቅራቢ ይኑረን፤ ግቢያችን ውስጥ ክምችት ይኑር፤ የኤጀንሲው መጠባበቂያ ከኋላ ይቁም። መብታችንን ግን በፊርማ አንስጥ።

ቦምብ ሊሠራ የቆረጠን መንግሥት መጠባበቂያው አያስቆመውም፤ ሰበብ ያሳጣዋል እንጂ። ለልጅዎ ይህንንም ይንገሩት፦ ቦምብ የሚሠራው በበለጸገ ዩራኒየም ብቻ አይደለም። ማብላያ ውስጥ ነድዶ ከወጣው ነዳጅም ፕሉቶኒየም ተለይቶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚያ የካዛክስታኑ መጠባበቂያ ምንም አይልም። ለኢራኑ ቡሼር ማመንጫ ነዳጅ የምትሸጠው ሩሲያ፣ ያገለገለውን መልሳ እንድትወስድ ተዋውላለች። የእኛ ውል ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው አንቀጽ ያንን ነው፦ ያገለገለውን ነዳጅ ማን፣ መቼ፣ በማን ወጪ ይወስዳል የሚለውን።